እናቴ ስኳርም ግፊትም አለባት፤ ሐብሐብ ትብላ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ ለሁለቱም ኪኒን ትወስዳለች። ሰሞኑን “ሐብሐብ ግፊት ያወርዳል” ብለዋት በየቀኑ እየጨመቀች ትጠጣለች። አክስቴ ደግሞ ስኳር ያለበት ሰው ጨርሶ አይነካውም ትላለች። ማንን እንስማ?

መልስ፦ እናትዎ ሐብሐብ መብላት ይችላሉ። ጭማቂው ግን ይቅርባቸው።

ሐብሐብ ከመቶ እጅ 92ቱ ውኃ ነው። 100 ግራሙ ውስጥ ያለው ስኳር 6 ግራም ገደማ ነው። በተመሳሳይ ክብደት ሙዝ እጥፍ ያህል አለው። አክስትዎ የፈሩት ጣዕሙን ይመስለኛል፤ አፍ ላይ በጣም ይጣፍጣላ! ፍርሃታቸው ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሐብሐብ ፋይበሩ ትንሽ ስለሆነ ስኳሩ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወሳኙ መጠኑ ነው።

አንድ 150 ግራም የሚሆን ቁራጭ 9 ግራም ያህል ስኳር አለው። ይህ ብዙ አይደለም። ግማሽ ሊትር ጭማቂ ለማውጣት ግን ከግማሽ ኪሎ በላይ ሐብሐብ ይፈጃል። ስኳሩ ወደ 30 ግራም ይደርሳል፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ያንን ሁሉ እያኘኩ ቢበሉት መሃል ላይ ይጠግቡ ነበር። ሲጠጣ ግን በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

ቤት ውስጥ የስኳር መለኪያ ካለ እርስዎው ይሞክሩት። ከመብላታቸው በፊት ይለኩ፤ አንድ ቁራጭ ይብሉ፤ ሁለት ሰዓት ቆይተው ይድገሙ። ቁጥሮቹን ጽፈው ለሐኪማቸው ያሳዩ። የእናትዎን ሰውነት ከእኔም ከአክስትዎም በላይ የሚያውቀው ያ መለኪያ ነው።

ወደ ግፊቱ እንምጣ። ሐብሐብ ውስጥ ሲትሩሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሰውነታችን ወደ አርጂኒን ይቀይረዋል፤ ከዚያም ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራበታል። ይህ የደም ሥሮች ላላ እንዲሉ ያደርጋል። ስለዚህ ወሬው መነሻ አለው። ነገር ግን በጥናቶች የታየው ለውጥ ትንሽ ነው፤ የተጠኑትም ሰዎች ጥቂት ናቸው። ኪኒን አይተካም። እባክዎ ይህን ደጋግመው ይንገሯቸው። ግፊት ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ ምንም ስሜት የለውም፤ “ደህና ነኝ” ብለው መድኃኒት ያቆሙ ሰዎች ስትሮክ ይዟቸው ሲመጡ ማየት በጣም ያሳዝናል።

ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒን ነው። ከጥሬ ቲማቲም ይልቅ ሐብሐብ ውስጥ ይበዛል፤ ሴሎችን ከጉዳት ለመከላከል ያግዛል። ካንሰር ያድናል ሲባል ቢሰሙ ግን አይቀበሉ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ኩላሊታቸው ነው። ስኳርና ግፊት አንድ ላይ ሲሆኑ ኩላሊትን ቀስ በቀስ ይጎዳሉ። ሐብሐብ ደግሞ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን አለው፤ አንድ ኪሎው ከ1 ግራም በላይ ይይዛል። ጤናማ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል። የተዳከመ ኩላሊት ግን አይችልም፤ ፖታሲየም ደም ውስጥ ሲጠራቀም የልብ ምትን ያዛባል። እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ የግፊት መድኃኒቶችም ፖታሲየም ከፍ ያደርጋሉ። የሚወስዱት ኪኒን ስም ምን እንደሆነ ማሸጊያው ላይ ይዩ። የክሬቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ) እና የፖታሲየም የደም ምርመራ በቅርቡ ካላደረጉ በዚህ ሳምንት ይውሰዷቸው። ውጤቱ እስኪታወቅ በቀን ከአንድ ቁራጭ አይለፉ።