በ4 ቀን ያልሞተ ፅንስ ደህና ነው ማለት አይደለም

ቢዲኢ-47 የተባለውን እሳት ተከላካይ ኬሚካል ሰጥተሃቸው፣ የዜብራፊሽ (ለምርምር የሚያገለግል ትንሽ ዓሣ) ፅንሶችህ በ4 ቀን ውስጥ አንድም አልሞቱም ብለሃል። አይ፣ ከዚህ ተነስተህ ኬሚካሉ ጉዳት የለውም ብለህ አትደምድም። ቢዲኢ-47 ቶሎ ላይገድል ይችላል። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ከተፈለፈሉ በኋላ ነው። ሙከራውን እስከ 6ኛው ቀን አራዝመው።

1. የተፈለፈሉትን ትንንሽ ዓሣዎች በጎን አስተኝተህ በማይክሮስኮፕ እይ። ሰውነታቸው ወደ ጀርባቸው በኩል የታጠፈውን ለይተህ መዝግብ።

2. ልባቸውን እይ፤ ዋናው እሱ ነው። ሰውነታቸው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ምቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደም ተቀባዩ ክፍል መትቶ ደም ገፊው ምቱን ከዘለለ፣ የልብ ምት መዛባት አገኘህ ማለት ነው። ቪዲዮ ቅረጽ፣ በዓይን ብቻ ያመልጥሃል።

3. በ5ኛው ቀን አካባቢ ለመንሳፈፍ የሚረዳቸው የአየር ከረጢት መነፋቱን አረጋግጥ።

አንድ ነገር ከልምዴ ልንገርህ፦ የፕላስቲክ ሳህኑን ተወው። ቢዲኢ-47 ውሃ ውስጥ መቆየት አይወድም፤ ፕላስቲኩ ላይ ይለጠፋል። አንተ የጨመርከው መጠን ሌላ፣ ፅንሱ ያገኘው ሌላ ይሆናል። እኛ ወደ መስታወት የዞርነው ለዚህ ነው። ከተቻለ ውሃው ውስጥ የቀረውን መጠን አስለካ። ዲኤምኤስኦ (ኬሚካሉ የሚሟሟበት ፈሳሽ) ብቻ የገባበት ማነጻጸሪያም አይቅርብህ።