መልስ፦ በሚነከረው ሂተር የልጅ ገላ ውሃ ማሞቅ አደጋ አለው ወይ?

እህቴ፣ የብረት ባልዲ ይሻላል ወይስ ፕላስቲክ፣ ዲቫይደር ላይስ ልሰካው ወይ ላልሽው፣ እኔም እዚሁ ሀዋሳ አቶቴ ተከራይቼ ሶስት አመት ተጠቅሜበታለሁ፣ ይቻላል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ስፒናው ተሰክቶ እያለ ሞቀ አልሞቀ ብለሽ እጅሽን ውሃው ውስጥ እንዳትከቺ በናትሽ! መጀመሪያ ንቀዪው ከዛ ንኪው፣ ማጥፊያውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም ምክንያቱም ሽቦው ተገላብጦ ከተገጠመ ጠፍቶም ከረንት ይኖረዋል።

የብረት ባልዲ ተዪው፣ ሂተሩ ከተሰነጠቀ ባልዲው ራሱ ይይዝሻል። ፕላስቲክ ይሁን፣ ግን እንጨት አጋድመሽ ሂተሩን መሀል ላይ አንጠልጥዪው፣ ጎኑን ወይ ታቹን ከነካ ያቀልጠዋል።

ዲቫይደር በፍጹም። 1500 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት ወደ 7 አምፔር ይስባል፣ የርካሹ ዲቫይደር ገመድ ቀጭን ስለሆነ አይችለውም፣ የኔ ቀልጦ ቤቱ በጭስ ሞልቶ ነው የደረስኩት። ቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኪው። 20 ሊትር ውሃ ለገላ ለመድረስ 20 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፣ ቆጣሪ ላይም ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ነው።

ደግሞ መብራት ሲሄድ ወዲያው ንቀዪው፣ ሰው ይረሳና ውሃውን ቀድቶ ይወጣል፣ መብራቱ ሲመጣ ሂተሩ ባዶውን ይግልና ይቃጠላል፣ ከዛም ቤቱ። ልጅሽ እየዳኸ ከሆነ ደግሞ እስኪሞቅ በሩን ዝጊበት፣ ገመዱን ስቦ ባልዲውን ላዩ ላይ ሊደፋው ይችላል።