የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የስታቲስቲክስ መምህር ሥራና የደረጃ ዕድገት

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ከጤናም ከግብርናም ክፍል "ዳታ ተንትንልን" እያሉ የሚመጡ ብዙ ናቸው። ጽሑፉ ሲታተም ግን ስሜ ምስጋናው ላይ ብቻ ይሰፍራል። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ሳመለክት የሚቆጠርልኝ አነሰ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ችግሩ የሚጀምረው ሰዎቹ ዳታ ሰብስበው ከጨረሱ በኋላ ስለሚመጡ ነው። ያኔ የእርስዎ ድርሻ ሶፍትዌር መንካት ብቻ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ "ዳታው ተሰብስቧል ወይስ ገና ነው?" ብለው ይጠይቁ። ገና ከሆነ የናሙናውን መጠን ራስዎ ያስሉ፤ የትንተናውንም ዕቅድ ፕሮፖዛሉ ላይ ይጻፉ።

የሁለት ቡድኖች አማካይ ይወዳደራል እንበል። በ80 በመቶ ፓወር (ልዩነት በእርግጥ ካለ የማግኘት ዕድል) እና በ5 በመቶ የስህተት ደረጃ (ልዩነት ሳይኖር አለ የማለት ዕድል)፣ የሚፈለገውን ልዩነት በስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የዳታው የመበታተን መለኪያ) ለክተው በራሱ ያባዙት፤ ከዚያ 16ን ለውጤቱ ያካፍሉ። ልዩነቱ 0.5 ከሆነ 16 ለ0.25 ተካፍሎ በየቡድኑ 64 ሰው ይመጣል። 15 በመቶው ያቋርጣል ከተባለ 64ን ለ0.85 አካፍለው 76 ይያዙ። ብዙዎች 64 ላይ 15 በመቶ ጨምረው 74 ይላሉ፤ ከ74ቱ 15 በመቶ ሲወጣ ግን 63 ገደማ ነው የሚተርፈው። ይህን ቀድሞ የሚያርም ሰው የጥናቱ ባለቤት ነው፣ ተላላኪ አይደለም።

የአብሮ ጸሐፊነቱን ጉዳይ ሥራው ሳይጀመር በኢሜይል ይስማሙበት። የሕክምና ጆርናሎች የሚከተሉት የታወቀው መስፈርት ከትንተና በተጨማሪ ጽሑፉን በመጻፍ ወይም በጥልቀት በማረም መሳተፍን፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅንና ኃላፊነት መውሰድን ይጠይቃል። እንግዲያው የዘዴና የውጤት ክፍሉን ራስዎ ይጻፉት፤ ሠንጠረዥ ብቻ ልከው አይቀመጡ።

ይህም ሆኖ የሌላው ሰው ጽሑፍ አምስተኛ ስም መሆን ብቻውን ሩቅ አያደርስም። ለምክር የመጣ ዳታ የተለመደው ዘዴ አልገጥምለት ሲል (ዜሮ ሲበዛበት፣ ወይም የአንድ ጤና ጣቢያ ታካሚዎች እርስ በርስ ሲመሳሰሉ) ማስታወሻ ይያዙ። የራስዎ የዘዴ ጽሑፍ የሚወለደው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ዘዴዬን በሲሙሌሽን (በኮምፒውተር በተፈበረከ ዳታ) 1,000 ጊዜ ሞክሬ 95 በመቶው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (እውነተኛው ዋጋ ይገኝበታል የሚባለው ክልል) እውነተኛውን ዋጋ 95.2 በመቶ ጊዜ ሸፈነ፤ የቀድሞው ዘዴ 94.1። ገምጋሚው "ብልጫ አላሳየህም" አለኝ። ተሳስቷል?

መልስ፦ አልተሳሳተም። 0.95 በ0.05 ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈልና ካሬ ሥሩ ሲወሰድ 0.0069 ይሆናል፤ ይህ የሲሙሌሽኑ የራሱ ስህተት ነው (0.69 ፐርሰንት ነጥብ)። ከ95 ወዲህና ወዲያ የዚህ ሁለት እጥፍ ገደማ ሲያዝ፣ ፍጹም ትክክለኛ የሆነ ዘዴ እንኳ በዕድል ብቻ ከ93.6 እስከ 96.4 ሊዋልል ይችላል ማለት ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮችዎ እዚያ ውስጥ ናቸው። ድግግሞሹን 10,000 ያድርሱት፣ ስህተቱ ወደ 0.22 ፐርሰንት ነጥብ ይወርዳል። ሁለቱንም ዘዴ በዚያው በአንዱ የተፈበረከ ዳታ ላይ ያስኪዱ፤ የዘፈቀደ ቁጥሮቹን መነሻም መዝግበው ከኮዱ ጋር ያስቀምጡ።

የስታቲስቲክስ ሊቁ ዊሊያም ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተመው ጥናት ሲሙሌሽንን ያለ ኮምፒውተር ሠርቷል፦ የ3,000 ወንጀለኞችን ልኬት በካርድ ላይ ጽፎ፣ ካርዶቹን በውዞ፣ አራት አራት እያደረገ 750 ናሙና በእጁ አውጥቷል። ዛሬ ኮምፒውተሩን አንድ ሌሊት ማስሮጥ ሊከብደን አይገባም።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ነው። ፖስትዶክ (ከሦስተኛ ዲግሪ በኋላ የሚሠራ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ) ይሻላል ወይስ ቶሎ ማስተማር?

መልስ፦ ከመመረቂያ ጽሑፍዎ ለጆርናል የተላከ ከሌለ ፖስትዶክ ይሻላል። አዲስ ኮርስ የሚያዘጋጅ መምህር የመጀመሪያ ዓመቱን ለጽሑፍ አያገኘውም።