ለእናት የሚላክ የሮማን እንክብል

ለጥምቀት ጎንደር የምትገቡ ወገኖቼ፣ በሻንጣችሁ ከጫማውና ከሽቶው ጎን የሮማን እንክብል የያዘ ብልቃጥ ለወላጅ «ለልብ ጥሩ ነው» ብላችሁ ይዛችሁ እንደምትመጡ አያለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በውጭ አገር ስኖር እኔም ይህንኑ አድርጌአለሁ፤ የምጽፈውም ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው።

ለእናቴ ሁለት ብልቃጥ ልኬላት ነበር። ከወራት በኋላ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ስደርስ መድኃኒቶቿን የምታኖርበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈትሁት። የሮማኑ ብልቃጥ ባዶውን ቀርቷል፤ በየቀኑ መውሰድ የሚገባት ኢናላፕሪል የተባለው የደም ግፊት መድኃኒቷ ግን ሳይነካ ተደራርቦ ተቀምጧል። «ከውጭ የመጣው ይበረታል ብዬ ያኛውን ተውሁት» አለችኝ፣ ምንም ሳይመስላት። የደም ግፊቷን ስለካው 178 በ104 ሆኖ አገኘሁት።

ሮማን ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም። በፍሬውና በልጣጩ ውስጥ ያለው ፑኒካላጂን የተባለ ንጥረ ነገር ተፈጭቶ በአንጀት ባክቴሪያዎች ዩሮሊቲን ወደሚባል ውህድ ይለወጣል፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን በሰው ሁሉ አንጀት ውስጥ በእኩል ስለማይገኙ፣ አንድ ዓይነት መጠን የወሰዱ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ውጤት አያገኙም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና ስምንት ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ የሮማን ጭማቂ የላይኛውን ግፊት በአማካይ 5፣ የታችኛውን ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከ178 ላይ 5 ሲነሣ 173 ይቀራል፤ ያ ለእናቴ ምኗ ነው? እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 289 ሰዎችን ለ18 ወራት ተከታትሎ፣ በየቀኑ 240 ሚሊ ሊትር ጭማቂ የጠጡት ሰዎች የአንገት ደም ቧንቧ ግድግዳ ውፍረት (ለልብ ሕመም ሥጋት መለኪያ የሚሆነው) በጠቅላላው ካልጠጡት ጎልቶ የተለየ ሆኖ አላገኘውም።

እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት በጭማቂ መሆኑን ልብ በሉ። እንክብሉ የሚሸጥበት መንገድ ሌላ ነው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት አምራቹ ምርቱን ገበያ ከማውጣቱ በፊት ፈዋሽነቱን ለመንግሥት እንዲያረጋግጥ አይገደድም። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2013 ፖም ወንደርፉል የተባለው ኩባንያ ጭማቂውና እንክብሉ የልብ ሕመምን ይከላከላሉ፣ ያክማሉ እያለ ያሰራጫቸው ማስታወቂያዎች አሳሳች ናቸው ሲል ወስኗል።

የሚያስፈራኝ ግን መደራረቡ ነው። ኢናላፕሪል በደም ውስጥ ያለውን ፖታስየም ከፍ የማድረግ ጠባይ አለው፤ የሮማን ጭማቂም ፖታስየም አያንሰውም፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሽማግሌ ሁለቱ ሲገናኙ የልብ ምት እስከ ማዛባት ሊያደርሱ ይችላሉ። በአገራችን የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ በሚመጣ የልብ በሽታ ምክንያት የልብ ቫልቭ ያስቀየሩና ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስዱ ወጣቶች አሉ፤ ለእነርሱ ደግሞ ከሮማን ጋር የደሙ መቅጠን ልክ መዛባቱ በሐኪሞች የተዘገበበት ጊዜ ስላለ፣ ሐኪም ሳይጠየቅ አንድም ፍሬ እንክብል መላክ አይገባም።

ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት እቤት ያለውን ልጅ የመድኃኒት ማሸጊያዎቹን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁና ለፋርማሲ ባለሙያ አሳዩ። ለእንክብሉ የምታወጡትን ገንዘብ በክንድ ላይ ለሚታሰር የግፊት መለኪያ አውሉት፤ መታሰሪያው ለክንዳቸው ውፍረት የሚስማማ ይሁን፣ ባትሪም ጨምሩበት። የተረፈው ለየወሩ መድኃኒት ይቀመጥ። ወላጆቻችሁ ሮማን ከወደዱ ደግሞ ከገበያ ሲገኝ ፍሬውን ይብሉ፤ እርሱም ቢሆን ኩላሊታቸው ከታመመ ወይም ዋርፋሪን ከጀመሩ ሐኪማቸውን ጠይቀው ነው።

እናቴ ኢናላፕሪሏን ዳግም ጀምራለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቡናው እስኪፈላ ዐርፋ ተቀምጣ ትለካና ቁጥሩን በስልክ ትነግረኛለች። ያለፈው እሑድ 138 በ82 ነበር።