እንባዬ እየፈሰሰ እንዴት «ዓይንሽ ደርቋል» ይባላል?

ጥያቄ፦ የ51 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ሲሆን በማገዶ እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆች በማስረከብ እተዳደራለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሁለቱም ዓይኖቼ አሸዋ የገባባቸው ያህል ይቆረቁሩኛል፣ ያቃጥሉኛል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስና አቧራ ሲነሣ ደግሞ እንባዬ አላቋርጥ ይላል። ከመድኃኒት ቤት የገዛሁት ጠብታ ቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋልኝ ለአምስት ወራት ተጠቅሜበታለሁ፤ ብልቃጡ ላይ «ዴክሳሜታዞን» ይላል። በቅርቡ ያየኝ የጤና ባለሙያ ግን ዓይንሽ ደርቋል አለኝ። ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባለሙያው የነገረዎት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግራ መጋባትዎም ተገቢ ነው። ዓይንን የሚያርሰው እንባ ተራ ውኃ አይደለም። ከሥር ዓይን ላይ የሚያጣብቀው ስስ ንፍጥ መሰል ንጣፍ፣ ከመካከል ውኃው፣ ከላይ ደግሞ ውኃው ቶሎ እንዳይተን የሚከልለው ቅባት አለው፤ ወጥ ላይ የሰፈፈ ዘይት እንፋሎቱን አፍኖ እንደሚያቆየው ማለት ነው። ይህን ቅባት የሚያመነጩት በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ጀርባ የተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው። የዕጢዎቹ ቅባት ሲወፍርና መውጫቸው ሲደፈን ውኃው ይተናል፣ የዓይን ገጽ በየቦታው ይደርቃል፤ በዚያ ያሉት ነርቮችም ሕመሙን ተረድተው የእንባ ዕጢን «እንባ አምጣ» ይሉታል። በዚህ ጊዜ የሚመጣው እንባ ብዙ ቢሆንም በአብዛኛው ውኃ ብቻ ስለሆነ ዓይን ላይ ሳይቆይ ጉንጭ ላይ ይወርዳል። ነፋስ ሲነካዎት የሚፈሰው እንባ ምንጩ ራሱ ድርቀቱ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በእርስዎ ላይ ይህን የሚያባብሱ ነገሮች ተደራርበዋል። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ ግንባታው ባላለቀበት ሰፈር አቧራው አያርፍም፤ የማገዶው ጭስ ደግሞ አክንባሎውን በከፈቱ ቁጥር ፊትዎ ላይ ይመጣል። ሴቶች የወር አበባ በሚቋረጥበት ዕድሜ ላይ የሚደርስባቸው የሆርሞን ለውጥም እነዚያን ዕጢዎች ያዳክማል። ለአለርጂ የሚዋጡ እንክብሎችና ለድብርት ወይም ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን የመሳሰሉ መድኃኒቶችም እንባን ስለሚቀንሱ የሚወስዱት ካለ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ከዓይንዎ ጋር አፍዎ የሚደርቅና መገጣጠሚያዎን የሚያምዎት ከሆነ እርሱንም አይተዉት፤ ከበስተጀርባው ሌላ ሕመም ሊኖር ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ጠብታው ነው። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ከሚባሉት፣ ብግነትን ከሚያበርዱ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ቅላትን ያጠፋል እንጂ የጎደለውን ቅባትም ሆነ ውኃ አይተካም። ያለ ሐኪም ክትትል ለሳምንታትና ለወራት ሲወሰድ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የዓይን ግፊትን ከፍ በማድረግ ግላኮማ የተባለውን፣ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ ሕመም ያስከትላል፤ የዓይን ሞራንም ያፋጥናል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ግን አይመለስም፤ በዚህ ላይ ይህ ዓይነቱ ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያም ስለሚገፋ ሰው ዓይኑ መጎዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ዓይኔ ነጣልኝ ብለው ሲደሰቱ የቆዩባቸው አምስት ወራት ለዚህ በቂ ጊዜ ስለሆኑ፣ ሌላ ብልቃጥ ሳይገዙ በዚሁ ሳምንት የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀርበው ግፊቱን ያስለኩ፤ ጠብታው እንዴት እንደሚቆምም እርሱ ይወስንልዎታል። የዓይን ክፍል ያለው ጤና ተቋም በአቅራቢያዎ ከሌለ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና ረጅም ልምድ ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ነው።

ሐኪሙ ቢጫ ቀለም ጠብ አድርጎ እንባዎ ዓይን ላይ ስንት ሴኮንድ እንደሚቆይ ያያል፤ ከ10 ሴኮንድ በታች ከሆነ እንባው ቶሎ እየተበተነ ነው። የዓይን ቆብዎን ገልብጦ ማየቱም አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም በልጅነት የያዘ የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ጠባሳ ትቶ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ ሊያዞር ይችላል፤ የዞረ ፀጉር የሚፈጥረው ቁርቆራም ከድርቀት ጋር በቀላሉ ይምታታል።

እስከዚያው በቤትዎ የሚያደርጉት አለ። ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክረው ይጭመቁ፤ ሙቀቱን በእጅ አንጓዎ ከለኩ በኋላ በተጨፈነ ዓይንዎ ላይ ያኑሩት። ጨርቁ በደቂቃ ውስጥ ስለሚቀዘቅዝ እየነከሩ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያቆዩ፤ ብዙ ሰው ሳይጠቅመው የሚቀረው አንዴ አኑሮ ስለሚተወው ነው። ከዚያ በጣትዎ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ፣ ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ ቀስ አድርገው ይሹት፤ የቀለጠው ቅባት የሚወጣው ያኔ ነው። ጠዋትና ማታ ለጥቂት ሳምንታት ይቀጥሉበት። ጤና አዳምም ሆነ ሌላ ቅጠል፣ የጡት ወተትም ቢሆን ዓይንዎ ውስጥ አይጨምሩ።

ሰው ሠራሽ እንባ የሚባሉት፣ ለምሳሌ ሃይፕሮሜሎስ ወይም ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ያለባቸው ጠብታዎች፣ ስቴሮይድ የለባቸውም። በቀን እስከ 4 ጊዜ መጠቀም ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገዎት ግን የማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ይጠይቁ፤ ኬሚካሉ ሲበዛ ራሱ ዓይንን ያሳክካልና። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርገው አንድ ጠብታ ብቻ ይጨምሩ፣ የብልቃጡ ጫፍ ዓይንዎን አይንካ።

ከተቻለ ምጣዱን ጭሱ ወደ ፊትዎ ሳይመጣ ከእርስዎ ርቆ እንዲወጣ አድርገው ያስቀምጡ፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ጎንና ጎኑን የሚሸፍን መነጽር ያድርጉ። ማታ ስልክ ላይ የሚያፈጡ ከሆነም ሰው ስክሪን ሲያይ ዓይኑን ማርገብገቡን በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ፣ በየመሐሉ ዓይንዎን ሙሉ በሙሉ ይጨፍኑና ይግለጡ።

ብርቱ ሕመም፣ ብርሃን መፍራት፣ የዕይታ መደብዘዝ ወይም ብዙ ዓይናር ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይታከሙ። ወደ ሐኪሙ ሲሄዱ የጠብታውን ብልቃጥ ባዶ ቢሆን እንኳ ይዘው ይሂዱ፤ ስንት ብልቃጥ እንደጨረሱም ይንገሩት።