ከቆራሌው ዕቃ ሲኤንሲ መሥራት፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ቤቴ ውስጥ ሦስት ሲኤንሲ ማሽን ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ከዲቪዲ ማጫወቻ የወጣ፣ መዳፍ የሚያህል ነበር። ሁለተኛውን በኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ በሚሠራ ጣውላ) ሠራሁት፤ ክረምት ሲገባ እርጥበት ጠጥቶ ተወላገደ። ሦስተኛው አር ኤች ኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) ብረት ላይ የቆመ ነው። እስከ ዛሬ እንጨት ይቀርጽልኛል።

ለማያውቅ ሰው፣ ሲኤንሲ ማለት ከኮምፒውተር በሚመጣ ትእዛዝ ፑንታውን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች እየነዳ የሚቀርጽ ማሽን ነው። ከአሮጌ ዕቃ ለሚሠራ ሰው ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር አለ። ንድፍ ስላችሁ ዕቃ ፍለጋ አትውጡ። መጀመሪያ ዕቃውን አግኙ፣ ከዚያ ማሽኑን በተገኘው ልክ ሥሩ። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

«ምናለሽ ተራ ሄጄ የትኛውን ፕሪንተር ልግዛ? ሻጮቹ ሁሉም ሞተር አለው ይሉኛል።»

እውነታቸውን ነው፣ ሁሉም ሞተር አለው። ግን እኛ የምንፈልገው ስቴፐር ሞተር ነው፤ በጥቃቅን እርምጃ እየተቆጠረ የሚዞረውን። አዳዲሶቹ የቀለም ፕሪንተሮች ባብዛኛው ተራ ዲሲ ሞተር ነው ያላቸው። መለያው ቀላል ነው። ካርትሬጁ በሚመላለስበት መስመር ላይ ጥቃቅን ጭረት የታተመበት ስስ የፕላስቲክ ጥብጣብ ካየህ እለፈው።

እኔ የማስቀድመው ሁለት ነው። አንዱ ዶት ማትሪክስ ነው፤ ያ መሥሪያ ቤቶች ደረሰኝ የሚያትሙበት፣ እየጮኸ የሚሠራው። ጠንካራ ስቴፐርና ወፍራም የተወለወለ ዘንግ አለው። ሌላው ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። ከአንድ ትልቅ ፎቶ ኮፒ ውስጥ ብዙ ስቴፐር፣ ቺንጊያ፣ ኩሽኔታ፣ ዘንግና ባለ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ይወጣል። በኪሎ ሲሸጥ ካገኘኸው አታመንታ። ስካነርም ቢሆን አንድ ትንሽ ስቴፐርና አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ አያጣም።

ሞተሩን ስታገኝ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብብ። 1.8 ዲግሪ የሚል ከሆነ በአንድ ዙር 200 እርምጃ ይራመዳል። 7.5 ዲግሪ ከሆነ 48 ብቻ ነው፤ እሱን ለሌላ ሥራ አስቀምጠው። ግንባሩን ለካ፤ 42 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ኔማ 17፣ 57 ገደማ ከሆነ ኔማ 23 ይባላል። ለእንጨት ሥራ ኔማ 23 ብታገኝ ደስ ይበልህ።

በነገራችን ላይ፣ መርካቶ ከመውረድህ በፊት በሰፈርህ የሚዞረውን ቆራሌው አናግረው። ምን እንደምትፈልግ በስልክህ ፎቶ አሳየው። የኔን ምርጥ ዘንጎች ያመጣልኝ በሬ ላይ ሲጮህ ጠርቼ ያነጋገርኩት ልጅ ነው።

«ያገኘሁት ሞተር 6 ሽቦ አለው። ድራይቨሩ ግን 4 ቦታ ብቻ ነው ያለው።»

አትጨነቂ እህቴ፣ ይሠራል። (ለማያውቅ፣ ድራይቨር ማለት ትእዛዙን ተቀብሎ ሞተሩን እርምጃ በእርምጃ የሚነዳው ትንሽ ሰሌዳ ነው።) ስቴፐር ውስጥ ሁለት ጥቅል አለ። 6 ሽቦ ሲሆን ከእያንዳንዱ ጥቅል መሐል አንድ ተጨማሪ ሽቦ ወጥቷል ማለት ነው። ቴስተርሽን ኦም ላይ አድርጊና ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እያደረግሽ ለኪ። ምንም ካላነበበ የተለያየ ጥቅል ናቸው። በአንድ ጥቅል ካሉት ሦስት ሽቦዎች ትልቁን ንባብ የሚሰጡት ሁለቱ ጫፎች ናቸው። ከመሐለኛው ወደ ጫፍ ስትለኪ የዚያን ግማሽ ያነባል። መሐለኞቹን በቴፕ ጠቅልለሽ ተያቸው፣ አራቱን ጫፎች ብቻ አገናኚ።

ቴስተር የሌለው ሰው ደግሞ በጣቱ ማወቅ ይችላል። ሁለት ሽቦ አነካክቶ ዘንጉን ማዞር ነው። ከበደ ማለት ሁለቱ የአንድ ጥቅል ናቸው። ባለ 5 ሽቦውን ግን ለጀማሪ አልመክርም።

«የዲቪዲዋ ትንሽ ማሽን ጊዜ ማባከን ናት?»

በፍጹም አይደለችም። የምትንቀሳቀሰው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ግን ሁሉን ነገር ታስተምራለች። ሞተሯ በዙር 20 እርምጃ ነው፣ ጥርሷም በዙር 3 ሚሊ ሜትር ይገፋል። ድራይቨሩን 1/8 ላይ፣ ማለትም እያንዳንዱን እርምጃ ለ8 እንዲከፋፍል ብታደርገው 20 ሲባዛ በ8፣ ሲካፈል ለ3፣ 53.33 እርምጃ በሚሊ ሜትር ይሆናል። ፑንታ ሳይሆን እስክሪብቶ እሠሩባት። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ የዲቪዲ መጻፊያ ሌዘር ዓይን ያጠፋል። ነቅላችሁ አስቀምጡት፣ አታብሩት።

«አካሉን በምን ልሥራ? እንጨት፣ አሉሚኒየም ወይስ ብረት?»

ይህን የጠየቅከኝ ወንድሜ ከሁሉም የሚበልጠውን ጥያቄ ነው የጠየቅከው። ብዙ ሰው ገንዘቡንና ጭንቀቱን ሰርኪዩት ላይ ያፈሳል። ማሽኑን የሚገድለው ግን የአካሉ መላላት ነው። ፑንታው እንጨቱን ሲነካ አካሉ ከተንቀጠቀጠ፣ የትኛውም ሶፍትዌር አያድንህም።

ከዘንጉ ጀምር። ያገኘኸውን ዘንግ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አንከባለው። በሥሩ ብርሃን ብልጭ ጥፍት ካለ ጠማማ ነው። ቀጥሎ ውፍረቱን ተመልከት። የዘንግ ጥንካሬ በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። ከ8 ሚሊ ሜትር ወደ 12 ብትሄድ አምስት እጥፍ ይጠነክራል። ርዝመቱን እጥፍ ብታደርገው ደግሞ በተመሳሳይ ጭነት ስምንት እጥፍ ይጎብጣል። ስለዚህ ያገኘኸው የ8 ሚሊ ሜትር ዘንግ ከሆነ ማሽንህን ከ30 ሴንቲ ሜትር አታሳልፈው። ትልቅ የማይሠራ ማሽን ከመገንባት ትንሽ የምትሠራ ይሻላል።

የመሳቢያ ሐዲድ እጠቀማለሁ የምትሉ ብዙ ናችሁ። ሞክሬዋለሁ። ወደ ጎን ይወዛወዛል። ለእስክሪብቶ ይሆናል፣ ለፑንታ አይሆንም።

አካሉን እኔ በአር ኤች ኤስ እመርጣለሁ። ርካሽ ነው፣ ቁርጥራጩ በየብየዳ ቤቱ አለ። ችግሩ ብየዳ ብረቱን ይስበዋል። በየማዕዘኑ በነጥብ ነጥብ አስበይድ፣ ለካ፣ ከዚያ ነው የሚሞላው። ማዕዘኑን ግንበኞች በሚያደርጉት አረጋግጥ፤ በአንድ ጎን 30፣ በሌላው 40 ሴንቲ ሜትር ምልክት አድርግ፣ በመሐል ያለው ልክ 50 መሆን አለበት። ዘንጎቹ የሚቀመጡበትን ግን አታስበይደው። በብሎንና በዳዶ እሠረው፣ ቀዳዳውንም ትንሽ ሰፋ አድርገው፤ በኋላ ገፋ መለስ እያደረግክ ታስተካክለዋለህ። እኔ ይህን የተማርኩት ሙሉ አካል በድጋሚ ካስቆረጥኩ በኋላ ነው።

«ከብረታ ብረት ሱቅ የሚገዛው፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ ባለ ጥርስ ዘንግ ይበቃል?»

ይበቃል፣ ግን ይዘገያል። በዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚገፋው። በደቂቃ 500 ሚሊ ሜትር ለመሄድ ሞተሩ 400 ዙር መዞር አለበት። ስቴፐር ደግሞ ፍጥነት ሲጨምር ጉልበቱ ይደክማል። ለሲኤንሲ ተብሎ የተሠራው፣ በዙር 8 ሚሊ ሜትር የሚገፋው ዘንግ ግን ለዚያው ፍጥነት 62 ዙር ተኩል ይበቃዋል። ከአሮጌ ዕቃ ባይገኝም፣ ገንዘብ ካላችሁ አዲስ ቢገዛ የማያስቆጨው እሱ ነው እላለሁ።

ስሌቱ አንድ ነው፤ የሞተሩን እርምጃ በድራይቨሩ ክፍፍል አባዙ፣ ዘንጉ በዙር ለሚገፋው አካፍሉ። 200 በ16 ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል 400 ነው። ለተራው ዘንግ ይኸው 2560 ይሆናል። አርዱይኖ ላይ (ድራይቨሮቹን የሚያዝዘው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ) የሚጫነው ግርብል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በሰከንድ 30 ሺህ እርምጃ ገደማ ነው ጣራው። በተራው ዘንግ ክፍፍሉን ወደ 1/4 አውርዱት፣ 640 ይሆናል። ቁጥሩን ግርብል ውስጥ በ$100፣ በ$101 እና በ$102 ላይ ነው የምትጽፉት።

ሌላው ችግር ክፍተት ነው። ዘንጉ አቅጣጫ ሲቀይር ዳዶው ውስጥ ትንሽ ባዶ ይዞራል። ሁለት ዳዶ ተጠቀሙና በመሐላቸው ጠንካራ ሞላ አስገቡ። መፈተኛው እስክሪብቶ ነው። ክብ አስሉት። ክቡ በአራቱ አቅጣጫ ጠፍጠፍ ካለ ክፍተት አለ ማለት ነው።

«የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ይሆናል?»

ለመጀመር ይሆናል። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ብታገናኘው ይነሳል፣ ቢጫው 12 ቮልት ነው። የፎቶ ኮፒው 24 ቮልት ግን ሞተሩን በፍጥነት ላይ ጉልበት ይሰጠዋል። ሳጥኑን ግን አትክፈት፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ማይክሮዌቭ ፈትቼ ትራንስፎርመሩን አወጣለሁ ላልከው ወንድሜም፣ እባክህ ተወው። የእሱ ካፓሲተር 2000 ቮልትና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል፣ ይገድላል። ለማሽናችን የሚሆን ምንም ነገር የለውም፣ ከበሩ ትንንሽ ስዊቾች በቀር። እነሱ ደግሞ ከአሮጌ ማውስም ይገኛሉ።

«ሁለት ድራይቨር አቃጠልኩ። ምን እያጠፋሁ ነው?»

የነገርከኝ ኤ4988 ነው። አይዞህ፣ እኔም በአንድ ቀን ሦስት አቃጥያለሁ። ኤሌክትሪክ እያለ የሞተሩን ሽቦ ነቅዬ ስመልስ ነበር። ይህን መቼም አታድርግ። መጀመሪያ ማጥፋት፣ ከዚያ መንቀል።

ቀጥሎ ሁለት ነገር እይ። ድራይቨሩን ገልብጠህ ሰክተኸው እንዳይሆን። ሁለተኛ፣ በትንሿ ቪቴ የሚስተካከለው ቮልት ልክ መሆን አለበት። ላዩ ላይ ያሉት ትንንሽ ሬዚስተሮች አር 100 ከተጻፈባቸው፣ የምትፈልገውን አምፒር በ0.8 አባዛው። ለ1 አምፒር 0.8 ቮልት ማለት ነው። ያለ ማቀዝቀዣ ከ1 አምፒር አታሳልፈው። ኔማ 23 ካለህ ደግሞ ይህ ድራይቨር አይችለውም፤ ቲቢ6600 ፈልግ።

«ሥራ መሐል መብራት ቢጠፋስ?»

ይህ የኛ አገር ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ ልዘርዝረው።

ላፕቶፕ በባትሪው ይቀጥላል። አርዱይኖውም ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ኃይል ያገኛልና አይጠፋም። ሞተሮቹ ግን ቆመዋል። ፕሮግራሙ ይህን ስለማያውቅ እየተንቀሳቀስኩ ነው ብሎ መቁጠሩን ይቀጥላል። መብራት በድንገት ሲመለስ ማሽኑ ካለበት ቦታ ተነሥቶ እንጨቱን እየሰነጠቀ ይሄዳል። እጅህ እዚያ ካለ ደግሞ ከእንጨት የባሰ ነው።

መፍትሔው ኮንታክተር የሚባለው በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያዝ ማብሪያ ነው። የማሽኑን ኃይል በሙሉ ማብሪያና ማጥፊያ ቁልፍ ባለው ኮንታክተር በኩል አሳልፍ። መብራት ሲጠፋ ይለቃል፣ ሲመለስ ግን አንተ ካልተጫንከው አይነሳም። የወፍጮ ቤት ኤሌክትሪሻን በአንድ ሰዓት ይሠራልሃል። ከዚያ በሦስቱም አቅጣጫ መጨረሻ ላይ ስዊች ግጠም። ግርብል የሥራህን ዜሮ ያስቀምጣል፤ ማሽኑ ወደ ስዊቾቹ ሄዶ ቤቱን ካገኘ በኋላ ወደዚያው ዜሮ ይመለሳል። ረጅም ሥራንም ከፋፍለህ በተለያየ ፋይል አስቀምጥ።

«ከቨርጂኒያ ነኝ። ክረምት ስመጣ ለወንድሜ የእንጨት ራውተር (ፑንታውን የሚያዞረውን መሣሪያ) ላምጣለት?»

መልካም ስጦታ ነው። ግን እዚያ የሚሸጠው 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220 ነው። እንደ ወረደ ቢሰኩት ይቃጠላል። ከ220 ወደ 120 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ከራውተሩ ዋት የሚበልጥ መሆን አለበት፣ እሱም ከባድ ነው። ከተቻለ ባለ 220–240 ቮልቱን ይዘዙ። ፑንታዎችን ግን ከዚያው ያምጡለት፣ በብዛት። እዚህ ጥሩ ፑንታ ማግኘት ከባድ ነው።

«ብረት ይቆርጣል?»

አይቆርጥም። እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ በጥንቃቄና በስሱ ደግሞ አሉሚኒየም። የሰርኪዩት ቦርድም ይቀርጻል፤ ነገር ግን አቧራው የመስታወት ቃጫ ነውና ያለ ማስክ አትሥሩ።

«ጠራቢ ነኝ፣ መስቀልና የሥዕል ፍሬም እሠራለሁ። ማሽኑ የኔን ያህል ይሠራል?»

ጋሼ፣ ለእርስዎ ማሽኑ ጥሩ ረዳት ነው። የሐረጉን መሠረት፣ ተደጋጋሚውን ቅርጽ፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ሃያ መስቀሎች ቢታዘዙ የመጀመሪያውን ሻካራ ቅርጽ ማውጣት ለእሱ ይስጡት። ፑንታው ግን ክብ ነው። የ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ በእያንዳንዱ የውስጥ ማዕዘን ላይ ራዲየሱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ጥሎ ያልፋል። ሐረግ ደግሞ ማዕዘኑ ካልሾለ ሐረግ አይመስልም። እዚያ ጋ መሮዎን ያነሣሉ። ዋንዛ ላይ ሲሠሩ ፑንታው በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይጠልቅ ያድርጉ፤ ጠርዙ ሳይፈነጠር ይወጣልዎታል፣ ለመሮውም ንጹሕ ይሆናል።