ለቃለ መጠይቅ ብለህ ጫማ አታስገዛ

ምክር ጠይቆ ደብዳቤ የጻፈልኝ በኬሚስትሪ የተመረቀ የ24 ዓመት ወጣት ነው። አንድ ባንክ ለጀማሪ ሠራተኛነት ቃለ መጠይቅ ጠርቶታል። በዚያው ሳምንት ሞጆ የሚገኝ የቆዳ ፋብሪካ በላቦራቶሪ ሠልጣኝነት ሊቀበለው እንደሚፈልግ ጽፎለት መልሱን እስከ ዓርብ ይጠብቃል። ለቃለ መጠይቁ ያለው ጫማ ከሟች አባቱ የወረሰው፣ ሶሉ ሁለት ጊዜ የተቀየረ ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው። አጎቱ «በዚህ ጫማ ባንክ ቤት አትገባም» ብለው እናቱ የእቁብ ዕጣ ከሌላ ሰው ገዝተው ከጣሊያን የመጣ አዲስ ጫማ እንዲገዙለት አስወስነዋል። የምረቃ ውጤቱ ዝቅተኛ መሆኑ፣ እንግሊዝኛው እና ሁለት ዓመት ያለ ሥራ መቆየቱም ያሳስቡታል። «በእርግጥ ጫማ ያያሉ ወይ?» ሲል ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ አዎ፣ ያያሉ። ሠራተኛ በሚቀጠርበት ጠረጴዛ ዙሪያ ለዓመታት ተቀምጫለሁ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በጫማ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ሠርቻለሁ። ወንበሩ ከበሩ ራቅ ብሎ ሲቀመጥ ተወዳዳሪው እስኪደርስ ድረስ የሚታየው አረማመዱ ነው፤ ዓይንም ከአረማመድ ወደ ጫማ ይወርዳል። አጎትህ እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው። ከዚህ በኋላ ያሉትን ግን አልቀበልም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ጥናት ነበር። ሰዎች አዘውትረው የሚያደርጉትን ጫማ ፎቶግራፍ ለማያውቋቸው ሰዎች አሳዩ። ተመልካቾቹ ከፎቶግራፉ ብቻ ተነሥተው የባለቤቱን ዕድሜ፣ ጾታ፣ ገቢ፣ እንዲሁም ከሚቀርቡት ሰዎች ጋር ባለው ግንኙነት ምን ያህል ስጋት እንደሚያድርበት በትክክል መገመት ቻሉ። ገቢ የሚለውን ልብ በል። ሥራ ፈላጊ መሆንህን ማመልከቻህ ላይ ጽፈህ የሰጠሃቸው ሰዎች ገቢ እንደሌለህ ያውቃሉ። ውድ ጫማ ይህን አይሸፍንልህም፤ «ይህ ልጅ ከየት አምጥቶ ገዛው?» የሚል ጥያቄ ግን ሊጨምርብህ ይችላል።

አሮጌ ሆኖ የተያዘ ጫማ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። አዲስ ጫማ ስለባለቤቱ ጠባይ ምንም ማለት አይችልም፤ ትናንት ከሱቅ ወጥቷልና ንጹሕ ነው። ሶሉ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ የላይኛው ቆዳ ሳይሰነጠቅ የቆየ ጫማ ግን አንድ ሰው ለዓመታት ተንከባክቦታል ማለት ነው። ቆዳ ሲለፋ በውስጡ ዘይት ይገባል፤ ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ሳይቆረጥ እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው ይህ ዘይት ነው። ጫማ በክረምት ርሶ ምድጃ ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ቆዳው ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። አንዴ ከተሰነጠቀ ምንም ዓይነት ቀለም አይመልሰውም። አባትህ ጫማቸውን እሳት ዳር አላደረቁትም። ይህንን ሳላያቸው የነገረኝ የጫማው ዕድሜ ነው፤ ደብዳቤህን ሳነብም በጣም የነካኝ ይህ ነው። እንዲህ ያለውን ጫማ አሳፋሪ ማለት ትልቅ በደል ነው።

ስለዚህ እናትህን ዛሬውኑ አስቁማቸው። የተገዛ ዕጣ ሙሉ ገንዘብ አይደለም፤ ለሻጩ የሚከፈለው ተቀንሶ የሚደርስ ነው፣ የየሳምንቱ ወይም የየወሩ ክፍያም እስከ ፍጻሜው ይቀጥላል። ገና ላልተገኘ ሥራ፣ ለአንድ ቀን፣ ለሃያ ደቂቃ ጥያቄ! አጎትህን አከብራለሁ፤ የሚናገሩትም ወድደውህ ነው። ነገር ግን ዕዳውን የሚከፍሉት እሳቸው ስላልሆኑ ስለ ጫማው የሚወስኑት እሳቸው ሊሆኑ አይገባም። ይህን በጨዋ ቃል ልትነግራቸው ትችላለህ፤ «አባባ ያደረገውን አድርጌ እገባለሁ» ብትላቸው የሚመልሱልህ የሚኖር አይመስለኝም።

አሁን ጫማውን እናዘጋጀው። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከኋላ ተመልከተው። አብዛኛው ሰው ቀለም የሚቀባው ራሱ የሚያየውን ፊት ለፊቱን ነው፤ ከተቀመጥክ በኋላ ተነሥተህ ስትወጣ ሌሎች የሚያዩት ግን ኋላውን ነው። ታኮው በአንድ ጎን ተበልቶ ከሆነ ሠፈርህ ወዳለው ጫማ ሰፊ ወስደህ ጎማውን አስቀይረው። የሶሉ ጠርዝ የተላቀቀ ከሆነ በማስቲሽ ብቻ እንዳይለጥፈው ንገረው፤ ዙሪያውን ይስፋው። የተበጣጠሰ ማሰሪያ ካለው አዲስ ግዛ፤ እሱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቀለሙን ራስህ ቀባው ወይም ለሊስትሮ ስጠው፤ ለሊስትሮ ከሰጠህ ግን ቸኩለህ አታስቸኩለው። አፈርና አቧራ ሳይወገድ የተቀባ ቀለም ቆዳውን ይፍቀዋል፤ ስለዚህ በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ፣ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ፣ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ይቀድማል። በውስጡ ጋዜጣ ጠቅጥቅበት፤ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ቅርጹንም ይጠብቃል። ከዚያ በቆርቆሮ የሚሸጠውን ቀለም በስሱ ቀባና እስኪደርቅ ጠብቀህ በብሩሽ አንጸባርቀው። ፈሳሹን ቀለም ተወው፤ ለአንድ ሰዓት ያብለጨልጭና ሲደርቅ ይቀረፋል። ይህን ሁሉ በዋዜማው ማታ ጨርሰው። ጠዋት ላይ የተቀባ ጫማ ካልሲና ሱሪ ያበላሻል፤ ታክሲ ውስጥም የሰው ልብስ ይነካል።

ክረምት ከሆነና ሠፈርህ ጭቃ ከሆነ ሌላ ጫማ አድርገህ ሂድና ሕንጻው አጠገብ ቀይር። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ብዙ የቢሮ ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ።

ስለ ውጤትህ፦ ባንኩ አይቶት ነው የጠራህ፤ ስለዚህ ሳትጠየቅ አታንሣው። ስለ እንግሊዝኛህ፦ ራስህን የምታስተዋውቅበትን እና ይህን ሥራ ለምን እንደፈለግህ የምትናገርበትን ጮክ ብለህ ተለማመድ፤ ለጀማሪ ይበቃል። ያለ ሥራ ስለቆየህበት ጊዜ፦ የሠራኸውን ሁሉ፣ ማስጠናትም ሱቅ መጠበቅም ቢሆን፣ ሳትደብቅ ተናገር።

ከደብዳቤህ መጨረሻ በአንድ መስመር ብቻ ያለፍከው ግን አስጨንቆኛል። «ሞጆውን ቤተሰብ አልወደደውም» ብለሃል። ለምን አልወደደውም? ስለሚሸት? ባንክ ክራቫት ስለሚያስደርግ? አንተ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ተምረሃል። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ቆዳው ከሚለፋበት የክሮም ጨው መጠን ጀምሮ የመታጠቢያው ውኃ አሲድነት፣ የዘይቱ ዓይነት፣ የቀለሙ መያዝ፣ የፍሳሹ ማጣራት ሁሉ የኬሚስት ሥራ ነው። የባቲ ፍየል ሌጦ በዓለም የቆዳ ገበያ በስሙ ይታወቃል፤ የደጋ በጋችን ሌጦ ለጓንት ይፈለጋል። አገሪቱ ጥሬ ቆዳና ሌጦ እንደወጣ እንዳይሸጥ 150 በመቶ ቀረጥ የጣለችው እዚሁ ተለፍቶ፣ እዚሁ አልቆ እንዲወጣ ነው፤ ይህን የሚያደርገው ደግሞ አንተን የመሰለ ሰው ነው።

ችግር የለም አልልህም። የቆዳ ዋጋ ወድቆ በበዓል ማግስት የበግ ሌጦ መንገድ ዳር ተጥሎ የምናየው ዘመን ነው፤ ሥራ የቀነሱና የተዘጉ ፋብሪካዎችም አሉ። የሠልጣኝ ደመወዝም ከባንኩ ያንሳል። ቢሆንም ባንክ ብትገባ የተማርከው ኬሚስትሪ በሁለት ዓመት ውስጥ ይረሳሃል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ግን በየቀኑ ይጨምራል፣ ነገ ወደ ቀለም፣ ወደ ሳሙና፣ ወደ ውኃ ማጣሪያ ለመሻገርም ያገለግልሃል። እኔ ከፋብሪካ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ለዚህ ማድላቴ አይቀርም፤ ምክሬን ይህን አውቀህ መዝነው።

ባንኩ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው፤ ሞጆ ግን በደብዳቤ ጠርቶሃል። ለባንኩ ቀርበህ ተወዳደር። ከዚያ በፊት ግን ለፋብሪካው ዛሬ ጻፍ፤ ሥልጠናው ስንት ወር እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ቋሚ ቅጥር እንዳለው፣ ሞጆ ላይ መኖሪያ ወይም ሰርቪስ እንደሚሰጡ ጠይቃቸው። መልሳቸው ደህና ከሆነ ዓርብ ሳይደርስ «እመጣለሁ» በላቸው። እናትህ ለዕጣው የሰበሰቡት ገንዘብ ካለም ለመጀመሪያው ወር የቤት ኪራይ ይሁንህ።